ምዕራፍ ስድስት፦ የጭንጫ ደወል

ዴልፊ ላይ፣ ከጥንቱ የአፖሎ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ በላይ፣ ሽቅብ ሲያዩት አንገት የሚያደክም የኖራ ድንጋይ ገደል አለ። ግሪኮች ፌድሪያዴስ ይሉታል፤ «የሚያብረቀርቁት» እንደማለት ነው። ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም። በግንቦት መጨረሻ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ገደሉን ፊት ለፊት ስትመታው ድንጋዩ ዓይን ይወጋል፤ መዳፍ አሳርፈው ብዙ መቆየት አይቻልም። እዚያው ድንጋይ ላይ፣ የጣት ጫፍ ብቻ በሚያስገባ ስንጥቅ ውስጥ፣ አመድማ ጸጉራም ቅጠሉን ያነጠፈ አንድ ተክል አየሁ። ከመካከሉ ወጥተው በዙሪያው በተጋደሙት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደሉ ፈዛዛ ሰማያዊ ደወሎች ተደርድረዋል። አፈር የሚባል ነገር አይታይም። ጣቴን ወደ ስንጥቁ ሰደድኩ። ከላይ የሚያቃጥለው ድንጋይ፣ ገና አንድ አንጓ ያህል ገባ ሲሉ፣ ቀዝቃዛ ነበር።

የተክሉ ስም ካምፓኑላ ቶፓሊያና ነው። ይህ ምዕራፍ ስለ እሱና በሜዲትራኒያን ዙሪያ በገደልና በግንብ ስንጥቅ ስለሚኖሩ ዘመዶቹ ነው፤ ከዚያ ገደል ወርደው በሰው ደጅ፣ በተደረደረ ድንጋይ መካከል እንዴት እንደሚያድጉም እናያለን። ከሁሉ በፊት ግን አንባቢዬ ያን ቀን ጣቴ ጫፍ ላይ የተሰማኝን ቅዝቃዜ ይያዝልኝ። የቀረው ሁሉ የሚመዘዘው ከእሱ ነው።

እኛ ጭንጫን የምናውቀው በመጥፎ ስሙ ነው። የዘሪውን ምሳሌ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ሰው፣ ጭንጫ ላይ የወደቀ ዘር ምን እንደሚገጥመው አይጠፋውም፤ ፈጥኖ ይበቅላል፣ ፀሐይ ሲበረታ ይደርቃል። ምሳሌው ግን ምክንያቱንም አብሮ ይነግረናል። ዘሩን የገደለው ድንጋዩ አይደለም፤ ሥር የሚሰድበት ጥልቀት ማጣቱ ነው። ስስ አፈር የለበሰ ድፍን አለት አንድ ነገር ነው፤ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ አለት ሌላ ነገር ነው። የደወል አበባው የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው።

ስንጥቁ ውስጥ የሚሆነውን እናስበው። በብርዱ ወራት የዘነበው ዝናብ በገደሉ ፊት እየወረደ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ድንጋዩ ራሱ ክዳን ስለሆነ ፀሐይና ነፋስ ያንን ውሃ የሚያገኙት በጠባቧ አፍ በኩል ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ያለ አፈር በገጹ ሁሉ ሲተን፣ የስንጥቅ አፈር የሚተነው ክር በምታህል መስመር ነው። በዚያ ላይ የድንጋዩ ገጽ ቀኑን ሙሉ ቢግልም ሙቀቱ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ቀስ ብሎ ነው፤ ጥልቅ ሳይደርስ ይመሻል። ሥሩ ርጥበቱን ተከትሎ ይወርዳል። ላዩ መዳፍ የማይሞላ ተክል፣ ታቹ ከቅጠሉ ስፋት ብዙ እጥፍ የሚረዝም ሥር ይኖረዋል። በትግራይ ደጋ፣ ማሳቸው ላይ የተበተነውን ድንጋይ ለቅሞ ማውጣት የማይወዱ ገበሬዎች አሉ። ድንጋዩ ርጥበት ይይዝልናል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የገደሉም ሕግ ይኸው ነው።

እንግዲህ «ድርቅ የሚችል አበባ» ስንል ጥማትን ጥርሱን ነክሶ የሚታገሥ ፍጡር አድርገን ባናስበው ይሻላል። ሥሩ ያለበት ቦታ አልደረቀም። ድርቁ ላይ ያለው ቅጠሉ ብቻ ነው፤ ለቅጠሉም የየራሱ መላ ተሰጥቶታል። አንዳንዱ እንደ ቶፓሊያና ጸጉር ይለብሳል፤ ጸጉሩ ብርሃኑን ይመልሳል፣ ቅጠሉን የሚነካውንም ነፋስ ያረግባል። አንዳንዱ በሐምሌና በነሐሴ ቅጠሉን አራግፎ በሥሩ ብቻ ይቆያል። አንዳንዱ ደግሞ ከበጋው በፊት አብቦ ዘሩን በትኖ ጨርሶ ይሞታል። ወደዚህኛው በኋላ እመለሳለሁ።

የሜዲትራኒያን ዓመት ከእኛ ዓመት ጋር ጀርባና ፊት ነው። አቴና በዓመት የምታገኘው ዝናብ 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚወርደው ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ ብርድ ባለበት ወቅት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወርደው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አዲስ አበባ ደግሞ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፤ ዋናው ክረምት የሚገባውም የግሪክ ምድር በደረቀበት በዚያው ሰዓት ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው የደወል አበባን በደግነት ይገድለዋል።

እኔም ገድያለሁ። አቴና ዳርቻ በነበርኩበት ቤት፣ ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ደርድሬ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ችግኞች የተከልኩ ዓመት፣ ሐምሌ ሲገባ ሙቀቱ አሳዘነኝና ማታ ማታ ውሃ አጠጣቸው ጀመር። ቅጠላቸው መጀመሪያ ለመለመ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንደኛው ጠወለገ፤ ጠማው ብዬ ጨመርኩለት። ሥሩን ስነቅለው አንገቱ፣ ማለትም ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት ቦታ፣ ጠቁሮ እንደ በሰለ ቀይ ሥር ተልጦ እጄ ላይ ቀረ። ሙቀትና ርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ሥር የሚያበሰብሰው ሻጋታ ይነሣል፤ በተፈጥሮ ቦታው ይህ ተክል ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይቶ አያውቅም። ብርድ ሲሆን ውሃ አለ፤ ውሃ ሲጠፋ ሙቀት አለ። የሚጠወልግ ቅጠል ሁልጊዜ ውሃ አይለምንም። ሌሎቹን ሁለቱን ያዳንኳቸው ውሃውን በማቆም ነው።

አሁን ወደ ዘመዶቹ። የካምፓኑላ ወገን ከ400 በላይ ዝርያዎች አሉት። ስሙ በላቲን «ትንሽ ደወል» ማለት ሲሆን፣ ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ መዝግቦታል። ደወል ከድንጋይ ሲወጣ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በጣና ገዳማት ተንጠልጥሎ ሲመታ የሚያስተጋባውን የድንጋይ ደወል የሰማ ያውቀዋል። ብዙዎቹ ዝርያዎች የሚገኙት ከሜዲትራኒያን እስከ ካውካሰስ ባለው ምድር ነው። አንዳንዱ ዝርያ አንድ ተራራ ወይም አንድ የባሕር ዳርቻ ብቻ አገሩ ነው፤ ገደል እንደ ደሴት ስለሆነ ዘሩ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ አይሻገርም።

ለጀማሪ ያለ ማመንታት የምመክረው ካምፓኑላ ፖርተንሽላጊያናን ነው። አገሩ የክሮኤሺያ ዳልማሺያ ነው። ስሙ ለአፍ የሚከብደው በኦስትሪያዊው የሕግ ሰውና የእፅዋት ተመራማሪ በፍራንትስ ፎን ፖርተንሽላግ ስለተሰየመ ነው። ቁመቱ ከ15 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ግንብ ላይ ከለቀቁት ስንጥቁን ተከትሎ ይጓዛል። ወንድሙ ፖስካርስኪያና ደግሞ ከዚያው ከዲናሪክ ተራሮች የመጣ፣ ኮከብ የመሰለ ፈዛዛ አበባ ያለው፣ ነገር ግን ጎረቤቱን የሚጫን ብርቱ ነው። ለእሱ ብቻውን አንድ ግንብ መስጠት ይሻላል። ከጣሊያን ተረከዝ በላይ ወደ ባሕር ከወጣው ከጋርጋኖ ምድር የመጣው ጋርጋኒካ፣ መካከሉ ነጭ የሆነ ሰማያዊ ኮከብ ነው፤ በትንሽ ቦታ የሚበቃ ጨዋ ተክል።

ኢሶፊላ የሚባለው ሌላ ታሪክ አለው። በጣሊያን ሊጉሪያ፣ በኖሊና በፊናሌ መካከል ባለች አጭር የባሕር ዳርቻ ገደል ላይ ብቻ በዱር ይበቅላል። ሆኖም በሰሜን አውሮፓ በየመስኮቱ በተንጠለጠሉ ማሰሮዎች ውስጥ ስንቱ ቤት ገብቷል! አገሩ በእግር የሚዳረስ ተክል በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ ይኖራል። ብርድ ግን ብዙም አይችልም።

ቨርሲኮሎርን የምወደው በሰዓቱ ነው። ሌሎቹ በግንቦትና በሰኔ አብበው ሲጨርሱ፣ ይህ የባልካንና የግሪክ ገደል ተወላጅ የሚያብበው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ሣሩ ሁሉ ገለባ ሆኖ ምድር በተሰነጠቀችበት ጊዜ። ረጅም ዘንጉ ላይ የሚወጣው አበባ ደወል እንኳ አይመስልም፤ ዝርግ ሆኖ መካከሉ የጠቆረ፣ ዳሩ የፈዘዘ ነው። ከታች ግን እንደ እንጨት የጠጠረ ወፍራም ሥር አለው፤ ያበበው ከሥሩ ባወጣው ስንቅ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት በጻፈላት በኤፌሶን ፍርስራሽ አካባቢም ካምፓኑላ ቶሜንቶሳ የሚባል ነጭ ጸጉር የለበሰ ዝርያ ይበቅላል፤ የፈረሰ ከተማ ለእሱ ገደል ማለት ነው።

ድንጋይ ደርድሮ የተራራ አበባ ማሳደግ በተለይ በእንግሊዝ ትልቅ ፍቅር ያተረፈ ሥራ ነው። ሬጂናልድ ፋረር የተባለው ዮርክሸራዊ እ.ኤ.አ. በ1919 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ ለደወል አበቦች ሰፊ ቦታ ሰጥቷቸዋል። የቼክ አትክልተኞች ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደ መጽሐፍ በጎኑ አቁመው፣ ተጠጋግቶ እንዲቆም የሚያደርጉበትን መንገድ አስፋፉ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የቼኮቹ ነው፤ ምክንያቱም የተራራን መልክ ከመቅዳት አልፎ ስንጥቁን ራሱን ሠርቷል። ቤዝ ቻቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ዝናብ በማይበዛበት በእንግሊዝ ኤሴክስ፣ መኪና ማቆሚያ የነበረ ቦታ ላይ ጠጠር አልብሳ፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ሳታጠጣ የምታሳድገው የአትክልት ቦታ አቋቋመች።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቦታውን ተዳፋት ማድረግ ነው፤ ሜዳ ከሆነ ከፍ ያለ ክምር መሥራት። ከታች የድንጋይና የጡብ ስብርባሪ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነጠፋል፤ ውሃ መውጫ እንዲያገኝ። ከዚያ አፈሩ ይመጣል፤ አንድ እጅ የአትክልት አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ቅጠል፣ ሁለት እጅ ሸካራ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር። እፍኝ ሙሉ አርጥቤ እጨብጠዋለሁ፤ እጄን ስከፍት ከተበተነ ጥሩ ነው፤ እንደ ሊጥ ከተያዘ ጠጠር ይጎድለዋል። ፍግ አይገባም። ፍግ የጠገበ የደወል አበባ ቅጠሉ ይወፍራል፣ ግንዱ ይላላል፣ በመጀመሪያው ዝናብ ይተኛል። የባሕር አሸዋም ጨው ስላለው አይሆንም። የኖራ ድንጋይ ካለ ደግ ነው፤ ከሌለ አይጨነቁ፤ አብዛኞቹ ከኖራ አገር ቢመጡም ዋናው ጉዳያቸው ውሃው እንዳይቋጠር ነው።

ድንጋዩን ሲያቆሙ ከግማሽ በላዩ አፈር ውስጥ ይግባ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዘንበል፤ ራሱ ወደ ኋላ ጋደል ይበል፤ እንዲህ ሲሆን ዝናቡ ፊቱን ትቶ ወደ ሥሩ ይፈስሳል። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቀራል፤ ጥልቀቱ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከበለጠ ይበልጥ ይጠቅማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግንቡን ጨርሶ ተክሉን በኋላ ለማስገባት ሲሞክር ነው። ሥሩን አጣጥፎ በጠባብ ቀዳዳ ከመጎሰር፣ ድንጋዩን እየደረደሩ ችግኙን አብሮ ማስቀመጥ ነው። አንዱን ድንጋይ አቁሜ፣ አፈሩን ደገፍ አድርጌ፣ የችግኙን ሥር ከማሰሮው አፈር በውሃ አጥቤ እንደ ጸጉር ቁልቁል አለቀዋለሁ፤ አፈር እሞላለሁ፤ ሁለተኛውን ድንጋይ አምጥቼ አስጠጋለሁ። ለዚህ ሥራ ትንሽ ችግኝ ከትልቁ ይሻላል። ያበበውን ትልቁን ገዝቶ መትከል የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ሥሩ በማሰሮው ውስጥ ክብ ዞሮ የለመደ ተክል ወደ ታች መውረድ ይከብደዋል።

በመጨረሻ አንገቱ ዙሪያ ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ጠጠር ይለብሳል። ጠጠሩ ለውበት ብቻ አይምሰላችሁ፤ ቅጠሉና አንገቱ ርጥብ አፈር እንዳይነኩ ያደርጋል፣ ከሥር ያለውም አፈር እንዳይተን ይሸፍናል። አንዱ ንብርብር ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል፤ ላዩን ያደርቃል፣ ታቹን ያረጥባል።

በሜዲትራኒያን አገር የሚተከለው በመኸር፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል ነው። የመጀመሪያው በጋ ላይ ብቻ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማታ፣ ቅጠሉን ሳይነኩ ከሥሩ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ያስፈልጋል። ሥሩ ገና አልወረደምና ይህን አይንፈጉት። በሁለተኛው ዓመት እጅ ይሰብሰብ። እንደ አዲስ አበባ ክረምቱ በሚከብድበት ቦታ ለሚሞክር ሰው ጭንቁ ተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ድንጋዩ የሚያስፈልገው ውሃ ለመያዝ ሳይሆን ውሃ ለመሸሽ ነው። ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ፣ በተለይም የጣሪያ ክፈፍ የሚያስጠልለው፣ ከሜዳው ክምር ይመረጣል። ቀንድ አውጣ ግን የትም አገር ጠላቱ ነው። ለጋ ቅጠሉን በአንድ ሌሊት ላጭቶ ያድራል፤ ከዝናብ በኋላ ማታ በባትሪ እየፈለጉ ከመልቀም የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

አበባው ሊፈነዳ አንድ ቀን ሲቀረው እንቡጡን በጥፍር ሰንጥቀው ይዩ። ሲቀነጠስ የሚወጣው ነጭ ወተት ጣት ላይ ይጣበቃል። ውስጡ አምስት የወንዴ ዘንጎች አንዱን የሴቴ ዘንግ እንደ እጅጌ አቅፈውት ይቆማሉ። የሴቴው ዘንግ በደቃቅ ጸጉር የተሸፈነ ነው። አበባው ገና ሳይከፈት ወንዴዎቹ ብናኛቸውን በሙሉ በዚያ ጸጉር ላይ አራግፈው ይጨርሳሉ። ደወሉ ሲከፈት እነሱ ደርቀው፣ ተጠቅልለው፣ ከታች ወድቀዋል። መካከል ላይ ቆሞ የሚታየው ዱቄት የለበሰው የሴቴ ዘንግ ነው፤ የወንዶቹን ሥራ ይዛ የምታቀርበው እሷ ናት። ንብ ገብታ ብናኙን ትወስዳለች። ጸጉሮቹ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ዘንጉ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ብቻ ጫፉ ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ይከፈታልና የሌላ አበባ ብናኝ ይቀበላል። ጫፉን ይቁጠሩት፤ በአብዛኞቹ ዝርያዎች ሦስት ነው፤ በኤጂያን ገደሎች ተወላጆች ዘንድ ግን አምስት የሆነባቸው አሉ።

ቼሎስቶማ የሚባሉ ቀጫጭን ጥቁር ንቦች አሉ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ ለልጆቻቸው የሚሰበስቡት ምግብ የደወል አበባ ብናኝ ብቻ ነው። ወንዶቹ የሚያድሩት እዚያው ደወሉ ውስጥ ነው። ደመና ባለበት ማለዳ የግንቤን አበቦች ጎንበስ ብዬ ከሥር ሳይ፣ በአንዱ ደወል ውስጥ የሴቴውን ዘንግ አቅፋ የተኛች አንዲት ንብ አገኘሁ። ፀሐይ ወጥታ እስክትሞቅ ሳትነቃነቅ ጠበቅኋት።

ቅድም በኋላ እመለስበታለሁ ያልኩት ነገር ነው የቀረው። የቴሳሊና የኤቪያው ኢንኩርቫ፣ እንዲሁም በዴልፊ ያየሁት ቶፓሊያና፣ በሕይወታቸው የሚያብቡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቅጠል ብቻ ሆነው ሥር ሲሰድዱ ይቆያሉ፤ ከዚያ ያላቸውን ሁሉ ለአበባ አውጥተው ይሞታሉ። ኢትዮጵያዊ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በሰሜንና በባሌ ተራሮች የቆመው ጅብራ እንዲሁ ነው። ረጅም ዘመን ቅጠሉን ይዞ ቆይቶ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚሄድ የአበባ ዓምድ አንድ ጊዜ አቁሞ ይደርቃል። ይህ አጋጣሚ አይደለም ብዬ ለመደምደም አልቸኩልም፤ ቤተሰባቸው ግን አንድ ነው። ጅብራ የሎቤሊያ ወገን ሲሆን፣ ሎቤሊያና ካምፓኑላ በአንድ የእፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ይቆጠራሉ። ነጩ ወተትም፣ ብናኝን በሴቴው ዘንግ የማቅረቡ ብልሃትም በሁለቱም ዘንድ አለ።

እውነተኛ የደወል አበባም በደጋችን አለ። ካምፓኑላ ኤዱሊስ ይባላል። መጀመሪያ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ የሞተው ፔር ፎርስኮል ነው፤ ሥራውን ጓደኛው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። «ኤዱሊስ» የሚበላ ማለት ነው፤ ሥሩ ይበላልና። ከየመን ተራሮች እስከ ኢትዮጵያ ደጋና ከዚያም ወደ ደቡብ በምሥራቅ አፍሪካ ይገኛል። የዴልፊውን ተክል ለማየት ስንት አገር አቋርጬ ሄድኩ፤ የዚህን ዘመዱን ስም ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አንዴ አብበው የሚሞቱትን ለማቆየት ያለው መንገድ ዘር ነው። የዘሩ ከረጢት ሲደርቅ ጎኑ ላይ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ ከረጢቱ ቁልቁል የሚንጠለጠለው ዓይነት ከሆነ ቀዳዳዎቹ በእንጨቱ በኩል ናቸው፣ ሽቅብ የሚቆመው ዓይነት ከሆነ በጫፉ በኩል። በሁለቱም መንገድ ቀዳዳው ላይኛው ክፍል ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘሩ በአንዴ አይፈስስም፤ ነፋስ በነቀነቀው ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይረጫል። ከረጢቱ ቡናማ ሲሆን ወረቀት ላይ ማራገፍ ነው። ዘሩ ከጤፍ ይደቅቃል። ከአሸዋ ጋር ቀላቅዬ፣ ጥቅምት ላይ፣ ጠጠራማ አፈር ላይ እበትነዋለሁ፤ አፈር አላለብሰውም፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ማሰሮውን ውሃ ባለበት ሳህን ላይ አስቀምጬ ከሥር አጠጣዋለሁ፤ ከላይ ቢያፈስሱበት አንድ ጥግ ተጠርጎ ይከማቻል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የመርፌ ራስ የሚያካክሉ ሁለት ሁለት ቅጠሎች ይታያሉ።

የእኔ ኢንኩርቫ በሦስተኛው ዓመት አብቦ ሞተ። የደረቀውን ግንድ ነቅዬ፣ ዘሩን ሰብስቤ፣ በመኸር በማሰሮ ዘራሁት። በማግስቱ ዓመት የካቲት ላይ ግን ከማሰሮው ርቆ፣ ደረጃው ሥር፣ ሲሚንቶው ከግንቡ በተላቀቀበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ማንም ያልዘራው አንድ ችግኝ አየሁ። አራት ቅጠል ነበረው። ጎንበስ ብዬ ጣቴን ከጎኑ ወደ ስንጥቁ ሰደድኩ፤ ውስጡ ርጥብ ነበር።